አደጋው በማን ቋንቋ ይነገር?

ልጆቼ፣ ቋንቋ ቀላቅላችሁ ትናገራላችሁ ተብሎ የሚወርድባችሁ ወቀሳ በቂ ነውና እኔ አልጨምርበትም። «ሚቲንጉ ፖስትፖን ተደርጓል» ያለች ልጅ አገር አላፈረሰችም። እኛስ በምን አንደበት እንቆጣለን? በአዲስ አበባ፣ በመሪ ሰፈር ዙሪያ ግንባታ ላይ የኖርን ሰዎች ፌሮ ስናስር፣ ሶሌታ ስንሞላ፣ በባሬላ ስንሸከም የኖርነው በጣሊያን ቃል ነው። የጎረቤታችን የሲኤምሲ ስም ራሱ የጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ስም ነው። ባሬላ ተሸካሚው ጣሊያንኛ ተናገርኩ ብሎ አያውቅም፤ ሥራው ግን ተሠርቷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ቋንቋ ስትቀይሩ ማን ከወሬው ውጭ እንደቀረ ልብ አትሉም። እኛ ሰፈር አንድ ሳይት ብትገቡ ግንበኛው ከጎጃም፣ ፌሮ አሳሪው ከወላይታ፣ ቀን ሠራተኛው ከሰላሌ፣ መሐንዲሱ እዚሁ ያደገ ልጅ ይሆናል። መሐንዲሱና አማካሪው «ሎዱ በዝቷል፣ ሰፖርቱ ይጨመር» ተባብለው ሲስማሙ፣ ከሶሌታው ሥር የቆመው ሰው ስለ ገዛ ሕይወቱ እየተወራ መሆኑን አያውቅም። ለሰላምታና ለቀልድ እንዳሻችሁ ቀላቅሉ። አደጋ ሲሆን ግን ንግግሩ አደጋው በሚያርፍበት ሰው ቋንቋ ይሁን። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስረዳ ያስገድዳል። ባልገባው ቋንቋ ለተነገረው ሰው «ተነግሮታል» ብሎ መፈረም እኔ ዘንድ ውሸት ነው።

በመሪ የሚያልፈው ቀላል ባቡር ጥቅምት 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ብዙዎቻችን ያየነው ሐዲዱን ነው። ሲሠራ ግን ቻይናዊው ባለሙያና የእኛ ልጅ የሚገናኙት ለሁለቱም ባዕድ በሆነ እንግሊዝኛ ነበር፤ የጎደለውን እጅ ይሞላዋል። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ከሁሉ የማዝንለት፣ ከሁሉ የምፈራውም፣ መሐል የሚቆመውን አስተርጓሚ ነው። አለቃ እንዳይቆጣ ያለሰልሳል፤ ሠራተኛ እንዳይደነግጥ ያሳጥራል።

እንዲህ ያለ ማለስለስ ሕይወት ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1990 ከኮሎምቢያ ወደ ኒው ዮርክ የበረረው የአቪያንካ አውሮፕላን ነዳጅ ጨርሶ ሲወድቅ ከ158 ሰዎች 73ቱ አልቀዋል። ዋናው አብራሪ በስፓኒሽ «አስቸኳይ አደጋ ላይ ነን በላቸው» ብሎ ነበር፤ ረዳቱም ብያለሁ ብሎ መለሰ። በሬዲዮ በእንግሊዝኛ የደረሰው ግን ነዳጃችን እያለቀ ነው የሚል ለስለስ ያለ ቃል ብቻ ነበር፤ የአደጋ ጥሪ አልተደረገም። እናም መሐል የምትቆሙ ልጆች፣ የተቆጣውን ሰው ቃል ከነቁጣው አድርሱ።

ሌላው ነገር ስስ ነው፤ ግን ልናገረው። ሦስት ሰው በተቀመጠበት ሁለቱ ወደ እናት ቋንቋቸው ሲዞሩ፣ ሦስተኛው እንደታማ ይቆጥረዋል። በዚህ ዘመን ደግሞ ጥርጣሬው ከሥራ ቦታው በር አልፎ ብዙ ይሄዳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 ቋንቋዎቻችንን ሁሉ እኩል አድርጓልና በራሳችሁ ቋንቋ አትናገሩ የሚላችሁን አትስሙት። ብቻ አስቀድማችሁ «ይቅርታ፣ ለወንድሜ በቋንቋችን ላስረዳው» በሉ፤ ስትጨርሱም የተባለውን ለሦስተኛው ንገሩት። እንዲህ ካደረጋችሁ የሚቀየማችሁ ቢኖር ከቋንቋው ውጭ ሌላ ነገር አለው ማለት ነው።

ከባልደረባችሁ ቋንቋም ጥቂት ቃል ያዙ። ሰላምታ ደስ ይላል፤ እኔ ግን «ቁም» ከሚለው ጀምሩ እላለሁ። በአፋን ኦሮሞ «ዻበዹ»፣ በትግርኛ «ጠጠው በል» ማለት ይበቃል፤ ጭነት ከራስ በላይ ሲወዛወዝ ሰዋስው የሚጠይቃችሁ የለም።

ትእዛዝ ከሰጣችሁ በኋላ ደግሞ «ገባህ?» አትበሉ። በእኛ አገር ለታላቅና ለአለቃ «አልገባኝም» የሚል ወጣት ብዙ አይገኝም፤ አንገቱን ደፍቶ «ገባኝ» ይላችኋል። «እስቲ አሁን ሄደህ ምን ልታደርግ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ በፈለገው ቋንቋ ይመልስላችሁ።