በሽምግልና ዘመን አብሮ ስለ ማገልገል

ልጆቻቸውን ድረው፥ ርስታቸውን አውርሰው ከቤታቸው የሚወጡ ባልና ሚስት እግዚአብሔርን አብረው ሊያገለግሉ ይችላሉን? በጣና ዳር ይህን ብዙ ጊዜ እንጠየቃለን። የቆየው ልማድ ሁለቱም መንኵሰው በየገዳማቸው እንዲለያዩ ነው፤ በክብራን ገብርኤልና በዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አትገባምና። በሁለቱም ፈቃድ ሲሆን የተመሰገነ ነው። አንዱ ሲፈቅድ ሌላው እያለቀሰ ቢለያዩ ግን፥ የራስን ሳይሆን የሌላውን ገንዘብ መባ አድርጎ እንደ ማቅረብ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። አቂላና ጵርስቅላ በቀላውዴዎስ ቄሣር ትእዛዝ ከሮም ተሰደው በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፉ ይኖሩ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስን በቤታቸው ተቀበሉት፤ በኤፌሶንም እስክንድርያዊውን ሊቅ አጵሎስን በጉባኤ ሳያሳፍሩ ወደ እነርሱ ወስደው የጎደለውን አስረዱት (የሐዋ. 18፥2-3፤ 24-26)። በስደት አገር ስብከታቸው ከዕለት ሥራቸው አልተለየም።

እንግዲህ ሽማግሌው የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ቢጠርግ፥ ሚስቱም «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለሚመጣው የሩቅ አገር ተማሪ እንጀራ ብትጋግር፥ ይህን ከስብከት አናሳንሰው። አስቀድመው ግን እርስ በርሳቸው ይመካከሩ፤ የንስሓ አባታቸውንም ይጠይቁ። ለእንግዳ የተከፈተው ደጅ የቤቱን ባለቤት ያስከፋ እንዳይሆን ይጠንቀቁ።

የእግዚአብሔር ቸርነት ይርዳን፤ አሜን።