ከፍም የወጣ ደጋን

በአሜሪካ፣ በኬንታኪ ግዛት፣ በአፓላቺያን ተራሮች አጠገብ ደጋን እየሠሩ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ እንበል። ደጋናቸውን የሚያወጡት ከአንድ ወጥ የሂከሪ ፍልጥ ነው፤ ሂከሪ በዚያ አገር የመጥረቢያ እጀታ የሚሠራበት ብርቱ ዛፍ ነው። በረዶ በሚጥልበት ወራት የእህታቸው ልጅ ከመሥሪያ ቤቱ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወስዶ ሙያውን ሊማር ከከተማ መጣ።

የጠበቀው ደጋን ግማሽ መንገድ ሄዷል። ተጠርቧል፣ ተፍቋል፣ ሁለቱ ክንዶቹም እኩል ይጎብጣሉ። ግን ሰነፍ ነው። ጅማቱ ሲፈታለት ቀጥ አይልም፤ እንደጎበጠ ይቀራል። ደጋን ሲሳብ ወደ ዒላማው የዞረው ገጹ ይለጠጣል፣ ወደ ተኳሹ የዞረው ደግሞ ይጨመቃል፤ ሠሪዎቹ የፊተኛውን ጀርባ፣ የኋለኛውን ሆድ ይሉታል። ሂከሪ ጀርባው ብርቱ ነው፤ የሚያስቸግረው ሆዱ ነው። ለሆዱ ድካም ደግሞ የታወቀው መድኃኒት እሳት ነው። ሽማግሌው ይህን በእጃቸው ያውቁታል፣ በመጽሐፍም አንብበውታል፤ ካናዳዊው ማርክ ሴንት ሉዊስ ስለዚሁ ጉዳይ የጻፈበት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የ«ትራዲሽናል ቦውየርስ ባይብል» አራተኛ ቅጽ ሰም ተንጠባጥቦበት በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ተጋድሟል።

በመጀመሪያ ደጋኑን በወጥ ቤት ሚዛን ላይ አጋድመው መዘኑት። 700 ግራም። ቁጥሩን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጻፉ። ልጁ ለምን እንደሚጽፉ አልጠየቀም፤ ዓይኑ እሳቱ ላይ ነበር።

ደጋኑን ቅርጽ በሚያሲዘው ወፍራም ጣውላ ላይ በሞርሳ አሰሩትና ሆዱን ወደ ፍሙ አዞሩት። ጀርባው ሙቀት እንዳያገኘው ተጠነቀቁ። ከዚያ ትዕግሥት ብቻ ነው፤ አንድ ስንዝር እስኪጠቁር ጠብቆ ወደሚቀጥለው ስንዝር መጠጋት። ሲቸኩሉ ላዩ ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። የእንጨቱ ሙቀት ከ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ውሃ የሚስበው ክፍሉ፣ ሄሚሴሉሎስ የሚሉት፣ መፈራረስ ይጀምራል፤ ሆዱም ቡናማ እየሆነ ይጠጥራል። አመሻሹ ላይ ጨርሰው እንደታሰረ እንዲበርድ ተዉት።

ጠዋት ልጁ ደጋኑን አንሥቶ በጣቱ ቆረቆረው። ድምፁ ተለውጧል፤ ትናንት ድፍን ነበር፣ ዛሬ ይጮኻል። ሊያጎብጠው ገፋ ሲያደርግ እንቢ አለው።

«አጎቴ፣ ድኗል! ጅማት እንሰርበት?»

«መጀመሪያ መዝነው።»

664 ግራም።

«36 ግራሙ የት ሄደ?» አለ ልጁ።

«አብዛኛው ውሃ ነው። አሁን ብትስበው ጀርባው ይፈነዳል።»

ልጁ አላመነም፤ በእጁ የያዘው እንጨት እንዲህ ጠንክሮ አያውቅም። ሽማግሌው ከዚያው ፍልጥ የተረፉ ሁለት ቀጫጭን ስንጣሪዎች አመጡ። አንደኛዋ ምድጃ ውስጥ አድራ የደረቀች፣ ሁለተኛዋ መደርደሪያ ላይ የከረመች ነበረች። ሁለቱንም ሰጡትና «አጉብጣቸው» አሉት። የመደርደሪያዋ ጎበጠች፣ ሲለቃትም ቀና አለች። የምድጃዋ መጀመሪያ ላይ ከእኅቷ ይልቅ አስቸገረችው፤ ቀጥላ ሳታስጠነቅቅ ቀጭ ብላ ለሁለት ሆነች። ስብራቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ አየው። ጭረት የለውም፣ የተንጠለጠለ ቃጫ የለውም። ሕያው እንጨት እንዲህ አይሰበርም።

«ታዲያ እርጥብ ጨርቅ እንጠቅልለውና ነገ ይድረስ።»

«ላዩ ይርሳል፣ ልቡ ደረቅ ይሆናል። እሱ ደግሞ ከደረቁም ይብሳል። ውሃው ከአየሩ ነው የሚመጣው፤ በራሱ ጊዜ።»

ደጋኑን እሳት በማይገባበት በኋላ ክፍል፣ ጥላ ውስጥ ሰቀሉት። በማግስቱ 669 መዘነ፣ በሦስተኛው ቀን 673። ልጁ ግን ፈቃዱ እያለቀበት ነበር። በዚያች ሌሊት ተነሥቶ፣ ክፉ ሳያስብ፣ ደጋኑን ከቀዝቃዛው ክፍል አውጥቶ ምድጃው አጠገብ፣ ሰው ሁሉ የሚወደው ሙቅ ቦታ ላይ ሰቀለው። ሲነጋ ሚዛኑ 670 አለ። ወረደ እንጂ አልወጣም። ምድጃ የነደደበት ቤት አየሩ ይደርቃል። የአየሩ እርጥበት 50 በመቶ በሆነበት ክፍል እንጨት ከደረቅ ክብደቱ 9 በመቶ ያህል ውሃ ይዞ ይረጋል፤ 25 በመቶ ብቻ በሆነበት ግን ከ5 በመቶ ብዙ አያልፍም። ሽማግሌው አልተቆጡም። ደጋኑን አንሥተው ወደ ቦታው መለሱት።

ልጁ በመጨረሻው ቀን ሌላ ሐሳብ አመጣ፤ ቫርኒሽ ቢቀባ ቢያንስ መልኩን አይቶ ይሄዳል።

«መግቢያውን ልትደፍንበት ነው?» አሉት።

ልጁ ደጋኑን ሳይስበው ሄደ። ሽማግሌው መመዘናቸውን ቀጠሉ። 678፣ 682፣ 685፣ 687፣ 688፣ ደግሞም 688፣ ደግሞም 688። ያን ጊዜ ጅማት አሰሩበት፤ መጀመሪያ ጥቂት፣ ቀጥሎ ትንሽ ጨመር አድርገው እየሳቡ፣ የጠነከረበትን ቦታ እየፋቁ ሙሉ ስበቱ ላይ አደረሱት። ለልጁም ስልክ ደወሉ።

«ቆሟል። መጥተህ ሞክረው።»

«700 ገባ?»

«700 አይገባም። እሳት የነካው እንጨት የድሮውን ያህል ውሃ አይዝም። የሚፈለገው 700 እንዲሆን ሳይሆን ቁጥሩ መንቀሳቀሱን እንዲያቆም ነው።»

ምሳሌነቱ ለለቅሶ ቤት ነው።

ሰልስት ባለፈ በማግስቱ ሐዘንተኛው ፊቱን ታጥቦ ሥራ ይገባል። አያለቅስም። የተጠየቀውን ይመልሳል፣ ፋይሉን ያገላብጣል፣ እንዲያውም ከወትሮው ይፈጥናል። እኛም «ጎበዝ፣ ተጽናና» እንላለን። ድንኳኑን ነቅለን፣ ወንበሩንና ሳህኑን ወደ እድሩ መጋዘን መልሰን እፎይ የምንለው ያንን ጥንካሬ አይተን ነው። ጥንካሬው ደግሞ ሐሰት አይደለም፤ በእሳት ያለፈ ሰው ያልነበረው ጽናት ያገኛል። ችግሩ የእኛ ነው። ገና ከፍም በወጣበት ጠዋት ጅማት እናስርበታለን፤ የውርስ ጉዳይ፣ የቤት ኪራይ፣ የተጠራቀመ ሥራ፣ የታናናሾች ትምህርት ቤት ክፍያ። ከሁለት ወር በኋላ በአንዲት ተራ ነገር፣ ለምሳሌ በጠፋ ቁልፍ፣ ቀጭ ብሎ ሲሰበር «ያኔ እንኳ እንዲህ አልሆነ!» ብለን እንገረማለን።

የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትዳር ጓደኛው ወይም የቅርብ ዘመዱ ለሞተበት ሠራተኛ ከደመወዝ ጋር ሦስት የሥራ ቀን ይሰጣል። ሕግ ከቀን በቀር የሚቆጥረው የለውም፣ በዚህ አልወቅሰውም፤ መመዘኑ የጎረቤትና የዘመድ ሥራ ነው። የቀደመው ሥርዓት ይህን በሚገባ አደራጅቶት ነበር፤ ሰልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ቀኖቹ ለሟች ነፍስ የተሠሩ ናቸው፤ ግን በሕይወት ለቀረውም የሚያደርጉት ነገር አለ። ሰው እየራቀ፣ እየሳሳ፣ ሆኖም ሳይቀር ተመልሶ የሐዘንተኛውን ፊት ያያል። ተዝካር ስንቱን ባለ ዕዳ አድርጓል የሚለው ወቀሳ እውነት ነበረበት። ድግሱ መቅረቱ ደግ ነው፤ መመላለሱ አብሮ መቅረቱ ግን ጉዳት ሆነ።

እርጥብ ጨርቅም እናውቃለን፤ ሃያ ሰው በአንድ ቀትር ተሰብስቦ የሚያወርደው ምክር ነው። ወደ ሙቁ ምድጃ መጎተትም እናውቃለን፤ «ውጣ፣ ተዝናና፣ እርሳው» እያሉ ሠርግ ለሠርግ ማዞር። በቅን ልብ የሚደረግ ነው፣ ሰውየው ግን ሲመለስ ከሄደበት ጊዜ ይልቅ ደርቆ ነው። ከሁሉም የማይበጀው ደግሞ ቶሎ መደፈን ነው፤ ገና በሳምንቱ «በቃ፣ ስለሱ አይነሣ» ብሎ መዝጋት።

እንጨትና ሰው በአንድ ነገር ይለያያሉ። ደጋኑን ብቻውን ክፍል ውስጥ ሰቅለው ቢተዉትም አየሩ ይደርስለታል። ሰው ብቻውን ከተተወ የሚደርስለት አየር የለም፤ አየሩ እኛው ነን፣ ያውም ተራው እኛነታችን። በአዘቦት ቀን የሚመጣ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ የሚገባ፣ ብዙ የማይናገር ሰው።

እንግዲህ ድንኳኑ ከተነቀለ ሳምንታት ያለፉበት ሐዘንተኛ የምታውቁ ካላችሁ፣ በዚህ ሳምንት ሂዱ። «በርታ» አትበሉት፤ በርትቷል። ቡና ጠጡ፣ ስለ ኑሮ ውድነት አውሩ። ስለ ሟቹ ካነሣ አድምጡት፣ ካላነሣ አትጎትቱት። ልትወጡ ስትሉ «መቼ ልምጣ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ዝም ብላችሁ በሚቀጥለው ወር ተመለሱ።