እሬትና ሶብር



ባለፈው ሰሞን ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ችግሯን ልታዋየኝ መጣች። «ሶብር አድርጊ እህቴ» ብዬ ሸኘኋት። በሩን እንደዘጋሁ በራሴ አፈርኩ።

ውድ አንባቢያን! በዐረብኛ ሶብርም እሬትም በሷድ፣ በባእና በራእ ነው የሚጻፉት። ሁለቱም እንደሚመሩ ማንም ያውቃል። ነገር ግን እሬት በረሃውን እንዴት እንደሚችለው አስተውለናል? ቀን ውሃው እንዳይተንበት በቅጠሉ ላይ ያሉትን ረቂቅ ቀዳዳዎች ዘግቶ ይውላል፤ ላየው ሰው ሥራ የፈታ ይመስላል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ይከፍታቸዋል። ሌሊቱን ሙሉ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ በአሲድ መልክ ያከማቻል፤ ሲነጋ መልሶ ይዘጋና ባከማቸው በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ያዘጋጃል። ሱብሓነላህ! (ለሌሊት ሰላት የሚነሳ ሰው ይህ አይጠፋውም።) እኛ ሶብር የምንለው ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥን ነው፤ ያውም ሌላው እንዲቀመጥልን።

እናታችን ሃጀር ቡቃያ በሌለበት የመካ ሸለቆ ከሕፃኗ ጋር ስትቀር አላህ እንደማይጥላት አምና ነበር። ሆኖም ውሃው ሲያልቅ አልተቀመጠችም። በሰፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ ተመላለሰች፤ ዘምዘም የፈለቀው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬም ሑጃጆች የሚመላለሱት በእርሷ ዱካ ነው።

ጎረቤቴ ሶብር አጥታ አልመጣችም። እርሷም እየተመላለሰች ነበር፤ መንገድ ላይ በር የዘጋሁባት እኔ ነኝ። ያነሳችልኝ የልጆቿን የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ኢንሻአላህ ዛሬ ከመግሪብ በኋላ ቤቷ እሄዳለሁ።