የሰጠሙትስ የት አሉ?

ባለፈው ሰሞን በኢሜይል አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። የላከው የንግድ ሥልጠና የሚሰጥ ድርጅት ነው። ደብዳቤው ግን ስለ ሥልጠናው ብዙም አያወራም፤ የሚተርከው ስለ አንዲት ወጣት ነው። ከሥራ ተፈናቅላ፣ የቤት ኪራይ ተወዝፎባት፣ በብድር ገንዘብ ተመዝግባ፣ ዛሬ ግን ሦስት ሠራተኞች ለመቅጠር በቅታለች። አጻጻፉ የጎረቤት ወሬ ይመስላል። ገበያ መሆኑ የገባኝ ከግርጌው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሳይ ነው።

ልጅቱ ዋሽታለች አልልም። እንዲያውም እውነቷን ነው ብለን እንነሣ። ውሸት ከሆነማ ጉዳዩ የሕግ ነው፤ አገራችንም በ2004 ዓ.ም. ባወጣችው የማስታወቂያ አዋጅ አሳሳች ማስታወቂያን ከልክላለች። የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። ለመሆኑ በእውነተኛ ታሪክ ሰውን ማሳሳት ይቻላልን?

ይቻላል ባይ ነኝ። ሮማዊው ሲሴሮ፣ አማልክትን ክዷል ስለተባለው ስለ ግሪካዊው ዲያጎራስ የተረከው ነገር አለ። አንድ ወዳጁ ከመርከብ አደጋ የተረፉ ሰዎች ለስለታቸው ያስገቧቸውን ሥዕሎች እያሳየ፣ ይህን ሁሉ አይተህ አማልክት ለሰው እንደሚያስቡ አታምንምን ቢለው፣ ዲያጎራስ የሰጠሙት ሰዎች ሥዕል የት እንደተሰቀለ መልሶ ጠየቀው ይባላል። ከተሰቀሉት ሥዕሎች አንዱም ሐሰት አልነበረም እኮ! ሥልጠናውን ወስዶ ብድሩ ብቻ የቀረበት ሰው ግን ታሪኩን በኢሜይል የሚልክለት የለም።

ነገሩ በኢሜይል አልተጀመረም። ሊዲያ ፒንክሃም የተባለች አሜሪካዊት በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ሊን በምትባል ከተማ ከ1875 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሴቶች ሕመም ይበጃል ያለችውን የዕፅ መድኃኒት ትሸጥ ነበር። መድኃኒቱ 18 በመቶ ገደማ አልኮል ነበረበት። ማስታወቂያው ዳንን ያሉ ሴቶችን የምስጋና ደብዳቤ እያተመ፣ ሌሎችም ለወይዘሮ ፒንክሃም እንዲጽፉ ይጋብዛል። ሴቶቹም ለወንድ ሐኪም ለመንገር የሚያፍሩትን ምሥጢር ሁሉ ጻፉላት። እሷ በ1883 ሞተች፤ ማስታወቂያው ግን ጻፉላት ማለቱን አልተወም። በ1905 «ሌዲስ ሆም ጆርናል» የተባለው መጽሔት የመቃብር ድንጋይዋን ፎቶግራፍ አትሞ ነገሩን አጋለጠ። እኔን የሚያሳዝኑኝ ከልባቸው ያመሰገኑት ሴቶች ናቸው። ምስጋናቸው ሳያውቁት የሌላዋን በሽተኛ ቦርሳ ማስከፈቻ ሆነ።

ታዲያ ነጋዴ የሠመረለትን ደንበኛ ታሪክ አይናገር ማለቴ ነውን? አይደለም። በአገራችን ሠራተኛ ሲቀጠር ተያዥ ይጠራል። ተያዡ «አውቀዋለሁ፣ ጨዋ ልጅ ነው» ሲል የሚታመነው፣ ልጁ ቢያጠፋ ከኪሱ ስለሚከፍል ነው። የኢሜይሏ ወጣት ግን እኔ ብከስር የምታጣው ነገር የለም፤ ምናልባትም ታሪኳ ለእኔ መላኩን አታውቅም።

የገበያ አዋቂዎች፣ ታሪኩን ማስታወቂያ እንዳይመስል አድርገህ በወሬ መካከል ጣል አድርገው ብለው ይመክራሉ። በበኩሌ ከውሸቱ ይልቅ ይህን ምክር እፈራዋለሁ። ጎረቤቴ ስለዳነበት ሐኪም ሲያጫውተኝ መልሼ እጠይቀዋለሁ። ስንት ከፈልክ? ሄዶ ያልዳነ አለ ወይ? ቢያሳስተኝም ነገ ደጃፍ ላይ እንገናኛለን። ወሬውን የማምነው ስለዚህ እንጂ ስለ አነጋገሩ ለዛ አይደለም። እንግዲህ ሻጩም እንደ ጎረቤት መታመን ካማረው፣ ስንት ሰው ተመዝግቦ ለስንቱ እንደሠመረ አብሮ ይጻፍ፤ ባለታሪኳም ፈቅዳ የተነገረላት፣ ስትጠየቅም የምትመልስ ትሁን። ገበያው ይቀንስበት ይሆናል። ይቀንስበት።

ለድርጅቱ መልስ ጽፌ ነበር፤ ከልጅቱ ጋር ስንት ሰዎች ተመዝግበው እንደነበር ለማወቅ። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ መጣልኝ። ስለ አንድ ወጣት ነው፤ ከሥራ ተፈናቅሎ፣ የቤት ኪራይ ተወዝፎበት...