ደረጃውን አትዝለሉ

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይላሉ አባቶቻችን። እኔም ዛሬ የልጆቻችንን የሂሳብ ነገር ከሥሩ ላንሣው። ከደምበጫና ከጅጋ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም እስከ ቡሬና ሽንዲ፣ ልጁን ለማስተማር በሬውን የሸጠ፣ የቀለብ እህሉን ቆርሶ ለከተማ ቤት ኪራይ የላከ ወላጅ ብዙ ነው። የዚያ ልጅ ደብተር ሲገለጥ ጥያቄው ተጽፏል፣ መልሱም ተጽፏል፤ በመካከል ግን ምንም የለም። «ከየት አመጣኸው?» ሲባል ዝም ይላል። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ያ በጥያቄውና በመልሱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። በ2015ም 3.2 ነበር። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ደነገጠ፤ አንዱ ፈተናውን፣ አንዱ መምህሩን፣ አንዱ መንግሥትን ወቀሰ። ሁሉም የየራሱ እውነት አለው። እኔ ግን የማየው ከዚያ አስቀድሞ የሆነውን ነው። ለዓመታት መልስ ከጎረቤት ሲቀዳ፣ ከ«ሀ» እስከ «መ» ካሉት ምርጫዎች በግምት ሲከበብ ኖረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እስቲ በየቤታችን ከሚያጋጥመው አንድ ጥያቄ ልውሰድ። አንድ አራሽ የሰው መሬት በእኩል አረሰ እንበል። በቆሎው ተወቅቶ ሲሰፈር መጀመሪያ 1 ኩንታል ለዘር ተነሣ፤ የቀረው ለባለመሬቱና ለአራሹ እኩል ተካፈለ፤ ለአራሹ 9 ኩንታል ደረሰው። ጠቅላላው ምርት ስንት ነበር? ችኩሉ ልጅ 9ን በ2 ያባዛና፣ ዘር መነሣቱ ትዝ ስለሚለው 1 ቀንሶ «17» ይላል። ሌላው 9 ላይ 1 ደምሮ በ2 ያባዛና «20» ይላል። ሁለቱም ማባዛት፣ መደመርና መቀነስ ያውቃሉ። የመጀመሪያው ግን የተቀነሰውን መመለስ ሲገባው ደግሞ ቀነሰ፤ ሁለተኛው ተራው ጠፋበት።

የረጋው ልጅ ግን ጥያቄውን ደግሞ ያነበዋል፤ ያልታወቀው ጠቅላላው ምርት መሆኑን ይለይና «ሀ» ብሎ ይሰይመዋል። ከዚያ የሆነውን በሆነበት ተራ ይጽፋል፤ ከ«ሀ» ላይ 1 ተቀነሰ፣ የቀረው ለ2 ተካፈለ፣ 9 ሆነ። ሲፈታው ደግሞ አህያ ሲራገፍ በመጨረሻ የተጫነው በመጀመሪያ እንደሚወርደው ሁሉ ከኋላ ይጀምራል። በመጨረሻ የተደረገው ማካፈል ነበርና አስቀድሞ እሱን ይመልሳል፤ 9 በ2 ሲባዛ 18። ቀጥሎ የተቀነሰውን ይመልሳል፤ 18 ላይ 1 ሲደመር 19። በዚህም አያበቃም። 19ኙን መልሶ አውድማው ላይ ይሰፍረዋል፤ 1 ለዘር፣ ቀሪው 18፣ ለሁለት 9። ገጠመ። እንዲህ ያለውን ልጅ «ትክክል ነህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ምስክሩን ራሱ ይዞ መጥቷል።

ይህ ሥርዓት ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ጎጃም የሊቃውንት አገር ነው፤ ከየአቅጣጫው ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻና ብርዱን ታግሶ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ የቅኔ ቤቶች ሲጎርፍ የኖረበት ነው። ባሕረ ሐሳብን፣ የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫውን ቀመር፣ የቆጠረ ሰው ደረጃ መዝለል ምን እንደሚያስከትል ያውቃል። የ2018 ዓ.ም.ን አዲስ ዓመትና ፋሲካ እናውጣ። 5500 ላይ 2018 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ 2 ሲተርፍ ዘመኑ የማርቆስ ነው። 7518 ላይ 1879 ተደምሮ ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ማክሰኞን አንድ ብለን ስንቆጥር ሦስተኛው ሐሙስ ነውና መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። ወደ ፋሲካው ለመድረስ ደግሞ 7518 ለ19 ይካፈላል፤ 13 ይተርፋል፤ አንዱ ተነሥቶ ወንበሩ 12 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 ሲገደፍ 12 ይቀራል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 ሲገደፍ 18፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አሁን ተመልከቱ፤ 12 እና 18 ሲደመሩ 30 ናቸው። አበቅቴና መጥቅዕ ምንጊዜም 30 መግጠም አለባቸው። ካልገጠሙ ተማሪው ፊት ላይ የሳተው ነገር አለና ተመልሶ ይፈልጋል እንጂ ወደፊት አይሄድም። አባቶቻችን መፈተሻውን ከሥራው ጋር አብረው ሰፍተውታል። መጥቅዑ መስከረም 18 ዋለ፤ ዕለቱ እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 7 ነው፤ 18 ላይ 7 ሲደመር 25። መጥቅዑ መስከረም ላይ ስለዋለ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባች። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ። አንዲት ቁጥር ብትዛነፍ የአገሩ ጾም ሁሉ ይዛነፋል።

ይህን ቀመር ያወጣው የእስክንድርያው ድሜጥሮስ ገበሬ እንደነበረ፣ የወይን አትክልት ጠባቂ እንደነበረ በቤተ ክርስቲያን ይተረካል። ይህን የምናገረው ለእናንተ ነው፣ «እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ሂሳብ አይገባኝም» ለምትሉ ልጆቼ።

ጂኦሜትሪውስ? እሱማ በየድንበራችን ተኝቷል። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም እያልን የምንኖር ሰዎች ነን፤ ብዙው ሽምግልና የሚቀመጠውም ለመሬት ነው። ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ሲካፈሉ ዙሪያውን በገመድ ለክተው «እኩል ነው» ቢሉ አንዱ ሊበደል ይችላል። 60 ሜትር ርዝመት በ20 ሜትር ስፋት ያለው ማሳ ዙሪያው 160 ሜትር ነው። በየጎኑ 40 ሜትር የሆነው ማሳም ዙሪያው 160 ሜትር ነው። የቆዳ ስፋታቸው ሲሰላ ግን የመጀመሪያው 1200 ካሬ ሜትር፣ ሁለተኛው 1600 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ገመድ ዙሪያ 400 ካሬ ሜትር ጠፋ! በዚህ ሳቢያ ወንድም ከወንድሙ ለቅሶ ቢቀር፣ ማን ይጠየቃል?

የእኛ ማሳ ደግሞ እንደ መጽሐፉ ሥዕል ቀጥ ያለ አይደለም፤ ወንዝ ይቆርጠዋል፣ ገደል ያጎብጠዋል። አራት ጎን ያለውን ጠማማ ማሳ ፊት ለፊት ያሉትን ጎኖች እየደመሩ፣ ለሁለት እያካፈሉ፣ ሁለቱን ማባዛት የተለመደ ነው፤ ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ካልሆኑ ግን ይህ መንገድ መሬቱን ካለው ያበዛዋል። ደኅናው መንገድ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ገመድ ዘርግቶ ማሳውን ባለ ሦስት ማዕዘን በሆኑ ሁለት ክፍሎች መክፈል ነው፤ የእያንዳንዱን መሠረት በቁመቱ አባዝቶ ለ2 ማካፈል፣ ከዚያ መደመር። በ1990ዎቹ በክልላችን የይዞታ ደብተር መሰጠት ሲጀምር፣ ኋላም ካርታ ያለው ሁለተኛው ደረጃ ሲመጣ፣ በሰነዱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከማሳው ጋር አስተያይቶ የሚያነብ ልጅ በቤቱ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ግንበኛውም መሠረት ሲቀይስ በአንዱ ሲባጎ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለክቶ ጫፍና ጫፉ 5 ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን ያውቃል። ልጁ ይህንኑ በክፍል «ፓይታጎረስ» እያለ ይሸመድደዋል፤ የ3 ካሬ 9 እና የ4 ካሬ 16 ሲደመሩ የ5 ካሬ 25 መሆናቸውን በሲባጎ ያሳየው ግን የለም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የተሰጠውን ጻፉ። የተጠየቀውን ጻፉ። ለማሳው ሥዕል ሳሉለት። እያንዳንዱን እርምጃ በየመስመሩ አስቀምጡ፤ በእኩል ምልክቱ ግራ ያደረጋችሁትን በቀኙም አድርጉ። በዚህ አገር ጸጥታው በመደፍረሱ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል፤ ዓመታት የባከኑበት ልጅ አለ። ያ ልጅ 9ኛ ክፍል ተቀምጦ የ5ኛ ክፍል ክፍልፋይ ቢያቅተው ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ወደ 5ኛው መጽሐፍ መመለስም ውርደት የለውም። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል። ሂሳብ ከሌላው ትምህርት የሚለየው በዚህ ነው፤ የታችኛው ሳይያዝ የላይኛው አይያዝም፣ ስለዚህ የጎደለችው ደረጃ የት እንደሆነች ፈልጎ ከዚያ መጀመር ግድ ነው። ስልክ ላይ መልሱን ፈልጎ መገልበጥም ጎረቤት ላይ ከመቅዳት አይለይም።

መምህራን ሆይ፣ ክፍላችሁ እንደሚጣበብ፣ ደመወዛችሁም እንደማይበቃ አውቃለሁ። ቢሆንም መልሱ ስቶ መንገዱ ለቀና ልጅ ነጥብ አትንፈጉት፤ መልሱ ልክ ሆኖ መንገዱ ለሌለው ደግሞ ሙሉ ነጥብ አትስጡት። ሰሌዳው ላይ ስትፈቱም «ይኸ ግልጽ ነው» ብላችሁ አትዝለሉ፤ ለእናንተ ግልጽ የሆነው ከኋላ ወንበር ለተቀመጠችው፣ ውሃ ቀድታ አርፍዳ ለገባችው ልጅ ግልጽ አይደለም።

ወላጆችም «እኛ ፊደል አልቆጠርንም» ብላችሁ አትሽሹ። በየገበያው በርበሬና በቆሎ እየሸጣችሁ፣ ዕቁብ እየጣላችሁ፣ የእርሻ ማካፈያውን እየሰፈራችሁ ስትቆጥሩ ኖራችኋል። ማታ ልጃችሁ ደብተሩን ሲዘረጋ አጠገቡ ተቀመጡና «ከዚያስ? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት። ለእናንተ ማስረዳት ሲችል ያን ጊዜ ገብቶታል። ታላላቆችም ለታናናሾቻችሁ መልሱን አትስጧቸው፤ አንዷን ደረጃ አሳይታችሁ ቀጣዩዋን ራሳቸው እስኪወጧት ጠብቋቸው።