በደልን መዋጥ ይቅር ማለት ነውን?



በእኛ ዘንድ የተለመደ ምክር አለ፦ «ዋጥ አድርገው፤ ዋጥ አድርጊው» እንላለን። ባልና ሚስት ሲጋጩ፥ አገልጋዮች ሲቀያየሙ፥ በሰው ሀገር አንድ ቤት በጋራ የተከራዩ ሲጣሉ ይኸው ነው ምክራችን። እስቲ ዛሬ እንጠይቅ፦ የዋጠ ሰው ይቅር ብሏል ማለት ነው?

ከላም እንማር። ከብት ጠብቃችሁ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ላም ከላይ የፊት ጥርስ የላትም። ሣሩን በምላሷ ጠቅልላ ትነጫለች፤ ብዙም ሳታኝክ ትውጣለች። ሆዷ አራት ክፍል አለው፤ የዋጠችው መጀመሪያ የሚገባበት ትልቁ ክፍል በአንዲት ትልቅ ላም 100 ሊትርና ከዚያ በላይ ይይዛል። ግን ሆዷ ሞላ እንጂ ሣሩ ገና ሣር ነው፤ ወተት አልሆነም። ስለዚህ ዐረፍ ትልና የዋጠችውን በጥቂት በጥቂቱ ወደ አፏ እየመለሰች ታመሰኳለች። በቀን እስከ 8 ሰዓት ድረስ በዚህ ላይ ልትቆይ ትችላለች። የደቀቀው ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፤ ያልደቀቀው እንደገና ይመለሳል።

ልብ በሉ! ለላሟ መዋጥ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። እኛ ግን ውጠን ስናበቃ «ይቅር ብያለሁ» እንላለን። ቁጣን በሰዓቱ መዋጥ መልካም ነው፤ ከክፉ ቃል ያድነናል። ነገር ግን ከዓመት በኋላ የዚያ ሰው ስም ሲነሣ ፊታችን ከተለወጠ፥ ነገሩ አልተፈጨም፤ ተቀምጧል።

«ታዲያ በደልን ማመላለስ ቂም አይደለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ልዩነቱን የምናውቀው በአንድ ነገር ነው፦ ላም ያመሰኳችው እየደቀቀ ይሄዳል፤ ቂም ግን ባመላለስነው ቁጥር ይተልቃል። በጓደኛ ፊት ያነሣነው በደል ያድጋል፤ በእግዚአብሔር ፊት በጸሎት ያነሣነው ይደቅቃል፥ የራሳችንን ድርሻም ያሳየናል። ላሟ ስታመሰኳ ብዙ ምራቅ ታፈልቃለች፤ ደረቁን የሚያለሰልሰው እርሱ ነው። የእኛ ምራቅ ጸሎትና እንባ ነው። ዮሴፍ ወንድሞቹን ይቅር ያለው ሳያለቅስ አልነበረም። ይቅር ያላችሁት ነገር ዳግመኛ ቢመጣባችሁም አትደንግጡ፤ ያልደቀቀ ቀርቶ ይሆናል፤ እንደገና ወደ ጌታ አቅርቡት።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ላም ሳታኝክ ስለምትውጥ አንዳንዴ ሽቦና ሚስማር ትውጣለች። ብረት በማመስኳት አይደቅም። ለልቧ ቅርብ በሆነው የሆድ ክፍል ይቀመጥና ይወጋታል፤ አልፎ ልቧ ድረስ ሊደርስ ይችላል። በቤቷ የምትደበደብን ሴት፥ ደመወዟን የተከለከለችን እህት «ዋጥ አድርጊው» ስንላት ሚስማር እያዋጥናት ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ለበደለህ ወንድም በመጀመሪያ ለብቻው ንገረው፥ ካልሰማ ምስክር ይዘህ ሂድ፥ ከዚያም ለቤተ ክርስቲያን ንገር ብሎ ያስተማረን በደል እንዲወጣ ነው። ሕግ ወደሚጠብቃት መውሰድም ይቅርታን መንፈግ አይደለም። ከልቧ ይቅር ልትል ትችላለች፤ ሚስማሩ ግን መውጣት አለበት።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሥራ ስትጨርሱ፥ ስልካችሁን አስቀምጣችሁ፥ ላሟ እንደምታርፍ ዐረፍ በሉ። የዋጣችሁትን አንድ ነገር በስሙ ጠርታችሁ በጌታ ፊት አውጡት። ሣር ከሆነ በጸጋው ይደቅቃል፤ ሚስማር ከሆነ ብቻችሁን አትሸከሙት፥ ለምታምኑት ሽማግሌ ንገሩ። እናንተም ሽማግሌዎች «ዋጥ አድርጊው» ከማለታችሁ በፊት የዋጠችው ምን እንደሆነ ጠይቁ።

ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።