እህል ማከማቸት ወንጀል የሚሆነው መቼ ነው?

ምስጋና ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፥ ወንድሞች ሆይ፥ ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በጥጋቡ ዘመን እህል እንዲከማች መከሩ፤ በዚህም ተመሰገኑ። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን እህል አከማችቶ የሚያስወድደውን ሰው ወንጀለኛ ብለውታል። ለአንድ ሥራ ሁለት ፍርድ እንዴት ተሰጠ?

የጥንት ግሪክ ፈላስፎች፥ ከእህል ክምር ላይ አንዳንድ ፍሬ ቢነሣ ክምርነቱ የሚጠፋው በየትኛዋ ፍሬ ነው ብለው ይጠይቁ ነበር። ይህ ለቆቦ ነጋዴ የጨዋታ ጥያቄ አይደለም። የራያን ማሽላ በመኸር ገዝቶ በጎተራው ያኖረ ሰው፥ ጥንቃቄው ወደ ግፍ የሚለወጠው በየትኛው ቀን ነው? ከሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት አንዳንዶቹ አርባ ቀን ብለዋል። ታዲያ በ39ኛው ቀን ሐላል፥ በ40ኛው ሐራም ይሆናልን? አይሆንም። ሊቃውንቱ ራሳቸው፥ ቀኑ ለዱንያ ቅጣት የተወሰነ እንጂ ወንጀሉስ ጊዜው ቢያጥርም ይጻፋል ብለዋል። ዩሱፍ ያስቀመጡት የችግሩ ቀን ሲመጣ ሰው እንዲበላ ነው፤ ይኸኛው ግን የችግሩን ቀን ራሱን ይናፍቃል።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጉዳይ አለ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን ሲመታ የራያና የቆቦ ቆላ ክፉኛ ተጎዳ። የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳመለከቱት፥ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ብዙም አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ ነበር። አዝመራው የጠፋበትና ከብቱ ያለቀበት ገበሬ መግዣ አልነበረውምና። ያን እህል የጫነ ነጋዴ አንድ ቀን እንኳ አላከማቸም፤ ዋጋም አላስወደደም። በፊቅህ ሚዛን ሙሕተኪር አይባልም። ሆኖም ጎረቤቱ ተርቦ ሳለ ጠግቦ ያደረው ሰው የሚጠየቅበት ሌላ በር አለ፤ የንግድ ሕጉን መጠበቁ ያንን በር አይዘጋለትም።

ኢማም አል-ገዛሊ በ«ኢሕያእ» ስለ አንድ የዋሲጥ ነጋዴ ይተርካሉ። ስንዴውን በመርከብ ወደ ባስራ ልኮ፥ በደረሰበት ቀን እንዲሸጥ ወኪሉን አዘዘ። ወኪሉ የነጋዴዎችን ምክር ሰምቶ ለአንድ ሳምንት ቢያቆየው ትርፉ እጥፍ ድርብ ሆነ፤ ደስ ብሎትም ለጌታው ጻፈ። ጌታው ግን፥ እኛ ዲናችን ከተጠበቀልን በጥቂት ትርፍ ረክተን ነበር ሲል መለሰለት፤ ገንዘቡንም ሁሉ ለባስራ ድኾች ሰደቃ እንዲሰጥ አዘዘው። በዚህም አጅር እንኳ ባላገኝ ከማከማቸት ወንጀል ነፃ ብወጣ ይበቃኛል አለ።